በሁለት ማያ የታየው ጋቢዬ

ይህን የምነግራችሁ እኔ አስካለ ነኝ፤ የምትጽፈው ደግሞ ልጄ ስንታየሁ። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ስሳደብ ትዘለዋለች። «እማዬ፣ ይኼ አይጻፍም» ትለኛለች። እሺ፣ ይቅር። አንዲት ነገር ግን እንዳትዘልብኝ አስምያታለሁ። ያን ቀን አገር ምድሩ በተሰበሰበበት መሀል ተቀምጬ ምን ያህል ብቻዬን እንደነበርኩ ትጻፍልኝ።

አገሬ መርሐቤቴ ነው። ሞቅ ካለው ቀዬ አንስቶ እዚህ መንዝ ብርድ ላይ ያመጣኝ ባሌ ተክሌ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና፣ አምጥቶኝ እሱ ቀድሞኝ ሄደ። ቤታችን ጓሳ ጥግ፣ ከሰፈሩ ፈንጠር ብላ ቁልቁለቱ ላይ ናት። ተክሌ በሕይወት ሳለ ደጃችን ሰው አያጣም ነበር። ሲሞትም ሰው መጣ፤ እስከ አርባው፣ እስከ ሰማንያው ተመላለሰ። ከዚያ ወደየጉዳዩ ሄደ። ሰው ጉዳይ አለው፣ ማንንም አልወቅስም። ስንታየሁም ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝታ ሄደች። እኔ የበግ ጠጉር እየፈተልኩ መሐል ሜዳ ገበያ ወስጄ የሱፍ ልብሱን ባና ለሚሠሩት ሸማኔዎች እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዝርት ስታሾሩ ብትውሉ ከማን ጋር ታወራላችሁ? እኔ ከዶሮዎቼ ጋር ነበር የማወራው። አንዳንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዶሮዎቹን ልጠራ አፌን ስከፍት ድምፄ ሻክሮ ይወጣና፣ «ለካ ዛሬ ቃል አልተነፈስኩም» እል ነበር።

ስንታየሁ በመጀመሪያ ደመወዟ ጋቢ አሠርታ ላከችልኝ። ጫፍና ጫፉ ላይ ጋት የሚያህል ሐምራዊ ጥለት ያለው ነው። እዚህ አገር ሰው ወይ ባና ይለብሳል፣ ወይ ነጭ ጋቢ ይለብሳል፤ እንዲህ ያለ ጥለት በሰፈራችን ሁለተኛ የለውም። ቅርብ የምትባለው ጎረቤቴ ወርቄ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን፣ «አንቺ፣ ጳጳስ መሰልሽ እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። ደስ አለኝ። ሰው ቢስቅብኝም እንኳ ደስ የሚለኝ ጊዜ ነበር።

የጓሳን ነገር ለማታውቁ ደግሞ ልንገራችሁ። ጓሳ የሣሩም የአገሩም ስም ነው። ቤት የምንከድነው በዚያ ሣር ነው። ታዲያ ዝም ተብሎ አይታጨድም። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሕዝብ የመረጣቸው ሽማግሌዎች፣ ሣር ዳኞች የምንላቸው፣ «ደርሷል» ሲሉ ይከፈታል። ያኔ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ በፊት አንዲት ነዶ ያጨደ ሰው ከተራው ይወጣል፣ ከማኅበር ይሰረዛል፣ እሳት የሚሰጠው ጎረቤት አይኖርም። ሕጉን እኔም እወደዋለሁ፤ ባይኖር ኖሮ ሣሩ እስካሁን የት ይገኝ ነበር? የእኔ ጣሪያ ደግሞ በዚያ ዓመት አርጅቶ በመኝታዬ በኩል ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። የሣሩን መከፈቻ ቀን እንደ ፋሲካ ነበር የምጠብቀው።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥተን ሰው ሳይበተን የሣር ዳኞቹ አለቃ አያ ሽፈራው ድንጋይ ላይ ቆሙ።

«ስሙ! ስሙ! የተዘጋው ሣር ታጭዷል! ነገ ከጥበቃው ጎጆ ሥር አውጫጭኝ ነው። የቀረ ሰው ራሱን ከሰሰ!»

አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛ ሲጠፋ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ የሚቀመጥበት ነው። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ምስክሩ በስሙ አይጠራም፤ ቂም እንዳይያዝበት «ወፍ ነገረችን» ይባላል።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ጋቢዬን ለበስኩና ሄድኩ። ስደርስ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዓይናቸው ጋቢዬ ላይ ነው። እኔ ሞኟ አምሮባታል ብለው ነው ብዬ ኮራሁላችሁ! ጥለቱ በደንብ እንዲታይ ጫፉን ሳብ ሳብ አድርጌ ሁሉ አስተካከልኩት። ሄጄ ወርቄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወርቄ ጥቂት ቆየችና፣ «እግሬን ደነዘዘኝ» ብላ ተነስታ ወዲያ ማዶ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተቀመጠች። በግራዬ የነበረችውም ሴት ተነሳች። የሚያዩኝ ለክፉ ነገር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

መምሬ ወልዴ ጸሎት አደረጉና አያ ሽፈራው ቆሙ።

«ወፏ ነግራናለች» አሉ። «ዓርብ ረፋድ አንድ ሰው ከማዶው ጥግ ሣር አጭዶ፣ ተሸክሞ ወደ ገደሉ ሲወርድ ታይቷል። ፊቱ አልታየም፤ ወንድ ይሁን ሴት አልተለየም። ልብሱ ግን ታይቷል። ጋቢ ነው። ሐምራዊ ጥለት ያለው ጋቢ።»

ሰማይ ተደፋብኝ።

«አስካለ» አሉኝ አያ ሽፈራው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ጣሪያሽ እያፈሰሰ እንደሆነ እናውቃለን። ችግር ክፉ ነው። ብትናዘዢ ቅጣቱ ይቀልልሻል።»

«ምኑን ነው የምናዘዘው? ዓርብ ዕለት ከቤቴ ንቅንቅ አላልኩም! ስፈትል ነው የዋልኩት!»

«ማን አየሽ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የተቆረጠው። ማን አየኝ? ዓርብ ማን አየኝ? ሐሙስስ ማን አየኝ? ሳምንቱን ሙሉ በደጄ ያለፈ ሰው ትዝ እንዲለኝ ታገልኩ። አንድም የለም። ሰው ንጹሕ ለመሆንም ለካ ሰው ያስፈልገዋል። «ዶሮዎቼ አይተውኛል» ብዬ ልመልስለት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። ከማኅበሩ ብሰረዝ ምን ይቀርብኛል ብዬም አሰብኩ። በወር አንድ ቀን ሰዎች መሀል ተቀምጬ «እንደምን ሰነበታችሁ» የምልበት እሱ ብቻ ነበር። እሱም ሊሄድ ነው።

ግን እኔ አስካለ ዝም ብዬ የምቀር አይደለሁም። እንባዬን ጠረግኩና ተነሳሁ።

«ለመሆኑ ወፏ በምን አየችኝ? ከዚህ እስከ ማዶ ሰው ጉንዳን አያህልም!»

«በቴሌስኮፑ ነዋ» አሉ አያ ሽፈራው። «ሰው ይዋሻል፤ መነጽር አይዋሽም።»

ቴሌስኮፑን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጎጆዋ ፊት በሦስት እግሩ የቆመ ረጅም የሩቅ መነጽር ነው። ቀይ ቀበሮ ሊያጠኑ የመጡ እንግዶች ሲሄዱ ለሣር ዳኞቹ ትተውት ነው የሄዱት። በስተኋላው ዓይን የሚያርፍባት አውራ ጣት የምታህል ሌንስ አለችው፤ ትወጣለች፣ ትገባለች። ጠባቂዎቹ ማያ ነው የሚሏት። በእሱ ስላየ ሰው ማን ይከራከራል?

በዚህ መሀል ደምሰው ተነሳ። ደምሰው የሣር ጠባቂው ነው፤ ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ወደ መሬት አቀርቅሮ ነው የሚሄደው።

«ወፉ እኔ ነኝ» አለ።

ሰው አጉረመረመ። ወፍ ራሷን አትገልጥም፤ ነውር ነው። አያ ሽፈራው፣ «ተቀመጥ አንተ!» አሉት። አልተቀመጠም።

«እትዬ አስካለ፣ ተደብቄ ልወጋዎት አልፈልግም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። እርስዎ ነዎት አላልኩም፤ ጥለቱ ሐምራዊ ነው ነው ያልኩት።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔን እያየ ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው ከሳሼ ነበር።

«ጥለቱ የት ላይ ነበር?» አልኩት።

«ጠርዙ ላይ። ከራሱ ጀምሮ በጀርባው በኩል ቁልቁል እስከ እግሩ።»

ጋቢዬን አወለቅኩና በሁለት እጄ ዘረጋሁት። ብርዱ ገረፈኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። «ተመልከቱ! ጥለት ጫፍና ጫፍ ነው። ከራስ እስከ እግር የሚወርድ ጥለት ያለው ጋቢ ማን ለብሶ ያውቃል? እናንተስ የሸማ አገር ሰዎች አይደላችሁም?»

«አዙራ ለብሳው ይሆናላ» አለ ያ የኋላው ሰው። ጥቂቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። አያችሁ፣ ሰው አንዴ ካመነ ለእምነቱ ቀዳዳ አያጣም። ደሜ ፈላ።

«ሸክሙስ?» አልኩት ደምሰውን። «ሣሩም ጥለት ነበረው እንዴ?»

ለማፌዝ ነበር፤ እውነት ለመናገር ለማፌዝ ነበር። ደምሰው ግን አልሳቀም። መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና አለና፣ «ነበረው» አለ።

«ምን?»

«የሸክሙም ጠርዝ ሐምራዊ ነበር። ያን ጊዜ ነገሬ አላልኩትም። አሁን ሲጠይቁኝ ትዝ አለኝ።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። መምሬ ወልዴ ሳቃቸውን በነጭ ጋቢያቸው ሸፍነው፣ «ሣሩ ጥለት ማብቀል ከጀመረማ ለምን እናጭደዋለን? መሐል ሜዳ ወስደን እንደ ሸማ እንሽጠው እንጂ!» አሉ። አያ ሽፈራው ብቻ አልሳቁም።

«ልየው» አልኩ። «በተከሰስኩበት መነጽር እኔም ልየው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ወደ ጎጆዋ ወጣን። ደምሰው መነጽሩን ወደ ማዶ አዙሮ፣ «አንዱን ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለኝ። አየሁ። ክብ ነገር ውስጥ ገደሉ ቁጭ አለልኝ፤ ጉድ ነው! መሀሉ ደህና ነው። ወደ ዳር ሲሄድ ግን ነገሩ ይንጋደዳል፣ ይደበዝዛል። ዳር ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ ነበር፤ በግራው በኩል ሐምራዊ ጠርዝ ይዟል። አጠገቡ ያለውም፣ ከሱ ወዲያ ያለውም እንደዚያው።

«አያ ሽፈራው፣ ድንጋዩም ጋቢ ለብሷል!» ብዬ ጮህኩ።

ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«ደምሰው፣ ይኼ ኮፒው ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ አያ። ሌላማ ሰጥተውኝ አያውቁም።»

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ቴሌስኮፑ ሁለት ማያ ነው ያለው። አንደኛዋ ኦርጅናሏ ናት፣ አብራው የመጣች። ሁለተኛዋ አስመስለው የሠሯት ናት፤ ኦርጅናሏ እንዳታልቅ ተብሎ ከአዲስ አበባ ገበያ የተገዛች። ኦርጅናሏን አያ ሽፈራው በጨርቅ ጠቅልለው ቤታቸው ሣጥን ውስጥ ቆልፈውባታል። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ትወጣለች። ለየዕለቱ ጥበቃ ግን ኮፒዋ ትበቃለች ተባለ።

በዚህ ማንም አልሳቀባቸውም። ከመሀላችን ደህናውን ዕቃ ለእንግዳ ቆልፎ በተሸረፈው የማይጠጣ ማን አለ? እኔም ቤት ለእንግዳ የተቀመጡ ብርጭቆዎች አሉኝ። እንግዳው ነበር የጠፋው።

አያ ሽፈራው ራሳቸው ሄደው ይዘዋት መጡ። ደምሰው ሁለቱን መዳፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። መንትያ ናቸው ብትሉ አታፍሩም፤ ቁመታቸው አንድ፣ ጥቁረታቸው አንድ፣ ጽሑፋቸውም አንድ። እጄ ላይ ሳደርጋቸው ግን ኦርጅናሏ ከበድ አለችኝ። ጽሑፏ ተቀርጾ ነው፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ይሰማኛል። የኮፒዋ በላይዋ የተቀባ ነው፤ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ተላጠ። መስታወታቸውን ወደ ሰማይ ሳዞረው የኦርጅናሏ አረንጓዴ ነገር ያብለጨልጫል፤ የኮፒዋ እንደ መስኮት መስታወት ነጭ ብቻ ነው። ውስጧንም ኦርጅናሏን ጥላሸት አስመስለው አጥቁረዋታል፤ ኮፒዋ ውስጧ እንደ ጣሳ ያንጸባርቃል።

«ይኼ ሁሉ ጥሩ ነው» አሉ መምሬ ወልዴ። «ግን በምናየው ነገር እንፍረድ። ጥለት የሌለው ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው እዚያው ቦታ ይቁም። በሁለቱም እንየው።»

«ማን ይሂድ?»

«እኔ እሄዳለሁ» አለ አንድ ድምፅ። ዞር ስል ወርቄ ናት። እኔን አላየችኝም። የመምሬን ነጭ ጋቢ ደርባ ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

መንገዱ ረጅም ነው። ስንጠብቅ ከገደሉ ሥር ጉም ተነሳ። የጓሳን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ከመጣ እጅህን አያሳይህም። ወርቄን ዋጣት፣ ማዶውን ዋጠው፣ የተቀመጠውንም ሕዝብ ዋጠው። የሰው ሳል እንጂ ሰው አይታይም። ያ የኋላው ሰው፣ «ይኼ ጉም ዛሬ አይነሳም፤ እንፍረድና ወደ ቤታችን እንሂድ!» ሲል ተሰማኝ። ሌላውም፣ «እውነቱን ነው፣ በረደን» አለ። እኔ ያንን ጋቢ ተከናንቤ ቆምኩ። ኪዳነ ምሕረትን እንዲህ ብዬ ለመንኳት፤ «እመቤቴ፣ ብትፈልጊ ጣሪያዬን አፍርሺው። ከሰው ግን አትለይኝ።» ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፤ ደምሰው አጠገቤ ቆሞ ኖሮ፣ «ይነሳል እትዬ፣ ይነሳል» አለኝ።

ተነሳ። ከላይ ቀዳዳ ተከፈተ፣ ፀሐይ ገባች፣ ጉሙ ተጠቅልሎ ወደ ገደሉ ወረደ። ወርቄ ማዶ እንደ ጥጥ ነጭ ሆና ቆማለች።

መጀመሪያ በኮፒዋ ነው። መምሬ ወልዴ ጎንበስ አሉ። ደምሰው መነጽሩን ጥቂት ገፋ አድርጎ ወርቄ ዳር ላይ እንድትሆን አደረጋት። «ዓርብ ዕለት ሰውየው ይሄድ ነበር፤ ስከተለው ዳር ዳሩን ነበር የማየው» አለ።

«ጥለት አለው!» አሉ መምሬ። «የገዛ ጋቢዬ ጥለት አለው! ሐምራዊ! በስመ አብ ወወልድ!»

ደምሰው ኮፒዋን አውጥቶ ኦርጅናሏን ከተተ። መምሬ እንደገና ጎንበስ አሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

«የለውም» አሉ። «ነጭ ነው። እንደ ወተት ነጭ ነው። የወርቄ አንገት ላይ ያለው ማተብ ሁሉ ይታየኛል እኮ! ወዲህ ና ሽፈራው፣ እየው!»

አያ ሽፈራው አዩ። ሌሎቹም ሽማግሌዎች አዩ። ያ የኋላው ሰው ሳይቀር ተሰልፎ አየ። አንድ በአንድ ሲያዩ፣ አንድ በአንድ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ፣ እኔ እቆጥባለሁ ያልኩትን እንባ ሁሉ አፈሰስኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ ባያድርም በጉም ውስጥ ነው የጠራ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ስንታየሁን ወረቀት አላስፈጅም ነበር። ሕዝቡ ሲንጫጫ ደምሰው ወደ እኔ መጣና፣ «ይዩ እንጂ እትዬ፣ በኦርጅናሏ ይዩ። እርስዎ ብቻ ነዎት ያላዩት» አለኝ። አየሁ። የእግዜር ሥራ! የወርቄ ሽበት፣ ገደሉ ላይ የተቀመጡት ጭላዳዎች፣ የሣሩ ጫፍ ሲንቀሳቀስ። ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነው። ደስ አለኝና መነጽሩን ራሴ ወደ ሰፈራችን አዞርኩት። የአያ ሽፈራውን ቤት አየሁ፣ የወርቄን አየሁ። ከቤት ወደ ቤት የሚሄዱት የእግር መንገዶች ነጫጭ ክር መስለው ተዘርግተዋል። ከወርቄ ደጅ ብዙ ክር ይወጣል። ከመምሬ ደጅማ ተወሳስቦ አይቆጠርም።

ከዚያ የራሴን ቤት አገኘኋት። የጎበጠች ጣሪያዬን፣ ዶሮዎቼን፣ በሬን። ክሩን ፈለግኩ። አንዲት ቀጭን ክር ወደ ምንጩ ትወርዳለች፤ እሷ የእኔው እግር ናት። ከሰፈሩ ወደ እኔ የሚመጣው፣ ተክሌ በሕይወት እያለ በቅሎ የሚያስኬደው መንገድ፣ የለም። አረንጓዴ ነው። ሣር በቅሎበታል። እኔ ወደ ገበያ ስሄድ በአቋራጩ ነው የምወጣው፤ በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ስለሌለ እኔም በዚያ አልሄድም፤ ስለዚህ አላየሁትም ነበር። ያቺ እውነተኛ ማያ አንዲት የሣር ዘለላ ሳትቀር አሳየችኝ። ወይኔ ባላሳየችኝ! በኮፒዋ ባየው ኖሮ ደብዝዞ፣ ሐምራዊ ሆኖ ያልፍልኝ ነበር። ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ሰዎቹ በክሱ የማለቅስ መስሏቸው፣ «በቃ፣ በቃ፣ ነጻ ወጥተሻል» ይሉኛል።

ወርቄ ተመልሳ ስትመጣ ሁላችን ሜዳው ላይ ተቀመጥን። አያ ሽፈራው ቆመው ቆባቸውን አወለቁ።

«አስካለ፣ በድለንሻል። በሐሰት የተከሰሰ ሰው ካሣ ይገባዋል። ሣሩ ሲከፈት ቤትሽን አገሬው ይከድንልሻል። ከዚያ በላይ በግ ትይ፣ ሌላም ትይ፣ ካሣሽን ተናገሪ።»

«ጣሪያውን እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። «በግ አልፈልግም። እግራችሁን ነው የምፈልገው።»

«እንዴት ያለ እግር?»

«ወደ ቤቴ የሚመጣው መንገድ ሣር በቅሎበታል። አሁን በመነጽሩ አየሁት። ሣር ያለ ጊዜው አጨድሽ ብላችሁ ከሰሳችሁኝ፤ የደጄን ሣር ግን ማንም አልዘጋባችሁም። እሱን እየመጣችሁ እርገጡልኝ። ካሣዬ ይኼ ነው።»

በሴቶቹ በኩል አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ፤ ወርቄ ነበረች። መምሬ ወልዴም፣ «ይህን ካሣ የማይከፍል ንስሐ አልሰጠውም» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ቀልድም አልነበረ።

ሣሩን ያጨደው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሱን ለእግዜር ትተነዋል። ኦርጅናሏ ግን ከሣጥን ወጣች። አያ ሽፈራው፣ «እንግዳ ሲመጣ በኮፒ ቢያይ ምን ይለናል?» ብለው ሊከራከሩ ሞከሩ። መምሬ፣ «እንግዳ የሚያየው ጭላዳ ነው፤ ጭላዳዋ ሐምራዊ ጥለት ብትለብስለት ደግሞ ምን ይጎዳዋል?» አሏቸው። እሳቸውም ተሸነፉ።

ካሣዬስ ተከፈለኝ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተረት አላወራም። በመጀመሪያው ሰሞን ሰፈሩ ተሰልፎ መጣ፤ የብርጭቆዎቹን አቧራ አጥቤ አልጨርስም። ወር ሲሞላ ቀነሱ። ክረምቱ ሲገባ ከመንገዱ መጠምዘዣ ላይ ሣሩ ተመልሶ አቆጠቆጠ። ሰው ነው፤ በሳምንት በሳምንት ማልቀስ አይችልም። ወርቄ ግን እንዝርቷን ይዛ መምጣት አላቆመችም፤ ያን ቀን ስለ ተነሳችበት ነገር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም፣ አናነሳምም። ደምሰውም ከጥበቃ ሲመለስ ደጄ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ዋሉ?» ይለኛል። ብቸኝነቴ ጠፋ አልልም፤ ማታ ማታ አለ። ግን አሁን ድምፄ አይሻክርም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከደጃችሁ ቆማችሁ መንገዶቹን እዩ። ወደማን ቤት የሚወስደው ሣር እንዳበቀለ እዩ። ለዚህ መነጽር አያስፈልግም። እኛ የሰው ክፋት ለማየት መነጽር ተከልን፣ የሰው ብቸኝነት ግን ሳናየው ዓመታት አለፉን።

ደምሰው አንድ ቀን ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጠዋት ጠዋት ጥበቃ ስገባ በኦርጅናሏ መጀመሪያ የማየው የእርስዎን ደጅ ነው።» እኔም ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነሳ ያንን ጋቢ አጥሩ ላይ አሰጣዋለሁ፣ ጥለቱን ወደ ጥበቃው ጎጆ አዙሬ። ደህና አድሬያለሁ ማለቴ ነው። አምና በጾም መጨረሻ ትኩሳት ያዘኝና ከመደቡ መነሳት አቃተኝ። ጋቢው ላዬ ላይ ነው፣ አጥሩ ባዶ ነው። ጣሪያዬን እያየሁ፣ አዲሱን ሣር እያየሁ ተኝቼ፣ «እንግዲህ ማን ያውቅልኛል» ስል ከመንገዱ በኩል ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ ሰው ነው፣ እየሮጡ ነው። ካሣዬ መጣ።